ከታች የሚይዘው ሰው

እነዚህን አራት ሰዎች ዕቃ ሲያጓጉዙ ያየ ሁሉ የቡድኑ አለቃ ሬዲዮ የሚሉት ሰው ይመስለዋል። አይፈረድበትም። ቁም ሳጥን ደረጃ ሲወጣ ከላይ ሆኖ ወደ ኋላው እየረገጠ፣ «ወደ ግራ! ትንሽ ከፍ! አምፖሏን እንዳትነኳት!» እያለ ሕንፃውን የሚያናውጠው እሱ ነው። ጎረቤት በሩን ገርበብ አድርጎ የሚያየው እሱን ነው። ሥራው ሲያልቅም ባለቤቶቹ እጁን ጨብጠው «ሰዎችህ ጎበዞች ናቸው፣ ተባረክ» የሚሉት እሱን ነው። ሬዲዮ ደግሞ ምስጋና መመለስ አልተፈጠረበትም። «ኧረ ምን አደረግን» እያለ አንገቱን ሰበር አድርጎ ይቀበላል፤ ሲቀበል ላየው ሰው ቁም ሳጥኑን ብቻውን በጥርሱ ነክሶ ያወጣው ነው የሚመስለው።

እውነተኛው አለቃ በዚያ ሰዓት አይታይም። ከቁም ሳጥኑ ስር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከባድ ዕቃ ደረጃ ሲወጣ ክብደቱ ወደ ታች ይጋደላል። ከላይ ያሉት ሁለቱ ይስባሉ፣ ይመራሉ፤ አብዛኛውን የሚሸከመው ግን ከታች ያለው አንዱ ሰው ነው። እሱ ደግሞ አፍንጫው ላይ ከተደቀነው ጣውላ በስተቀር የሚያየው ነገር የለም። ደረጃው የት እንደሚታጠፍ የሚያውቀው ከላይ በሚነገረው ብቻ ነው። ለዚህ ልፋቱ የተሰጠው አንድ ሥልጣን አለ፤ «አቁም» የማለት። ከታች ያለው «አቁም» ካለ ሁሉም ባለበት ይደርቃል፣ ለምን ተብሎም አይጠየቅም። ይህ ሰው ሥራ ሲጀመር ሰፊውን የጨርቅ ማንገቻ ትከሻው ላይ አጥልቆ «እኔ ከታች» ይላል። ከዚያ ወዲያ ንግግር የለውም። ከዚህች ቃል የተነሳ ስሙ ጋሽ ከታች ሆኖ ቀረ፤ ሚስቱም ስትናደድ በዚሁ ትጠራዋለች።

ቦታውን የመረጠው ትሕትና ተርፎት አይደለም። በንዴት ነው የመረጠው። በወጣትነቱ የተቀጠረበት የዕቃ ማጓጓዣ አለቃ ሁለት እጁን ኪሱ ከትቶ ከላይ የሚያዝ ሰው ነበር። አንድ ቀን ከታች ማቀዝቀዣ የተሸከመው የሥራ ጓደኛው «ከበደኝ» ሲል፣ አለቅየው ከላይ ሆኖ «አይከብድህም» ብሎ መለሰለት። ያን ዕለት የተሰበረው የጓደኛው እግር ዳግም እንደ ሰው እግር አልሆነለትም። ጋሽ ከታች የዚያን ሰውዬ እጅና ኪስ እስከ ዛሬ አልረሳም። አንድ ቀን አለቃ ብሆን፣ አለ፣ ክብደቱን ራሴ ሳልቀምስ ማንንም ተሸከም አልልም። እንዲህ የሚል ሰው መቼም ሞልቷል፤ እሱ ግን የራሱን ቡድን ሲያቋቁም ያለውን አደረገው።

ደግሞ ከታች መሸከሙ ከሥራው ግማሹ እንኳ አይሆንም። ሌላው ግማሽ ማንም በማያይበት ጊዜ የሚሠራ ነው። ዕቃ ከሚጓጓዝበት ቀን በፊት ብቻውን ሄዶ ደረጃውን ያየዋል። የበሩን ስፋት በገመድ ይለካል። የተላቀቀ የደረጃ መደገፊያ ካገኘ በራሱ መፍቻ ያጠብቀዋል። በየሕንፃው የማትጠፋውን አንዲት ኃይለኛ ጎረቤት ቀድሞ ሰላም ይላታል፤ ስለ ልጆቿ፣ ስለ ወገቧ ሕመም ይጠይቃታል፤ በማግስቱ የአበባ ማሰሮዎቿን ከደረጃው ላይ ራሷ አንስታ ትጠብቃቸዋለች። ኪሱ ውስጥ ሁልጊዜ አንድ አምፖል አለ። የደረጃው መብራት ተቃጥሎ ካገኘው ይቀይረዋል። በነገታው ሬዲዮ «ዛሬስ ዕድለኞች ነን፣ መብራት አለ» ሲል ጋሽ ከታች ማንገቻውን ያስተካክላል እንጂ አንድ ቃል አይተነፍስም።

ሰዎቹንም ልክ እንደ ደረጃው ነው የሚያጠናቸው። ረጅሙ የሚባል አለ፤ ቁመቱ በር ላይ ጎንበስ ሳይል የማያልፍ፣ ከአፉ ቃል ለማውጣት ጉጠት የሚያስፈልገው ሰው። ሚስቱ የወለደች ሰሞን እንቅልፍ አጥቶ ሲመጣ ሁልጊዜ ትራስና ፍራሽ ይደርሰው ነበር። ሾፌሩ ደግሞ አለ፤ የጭነት መኪናዋ የራሱ ስለሆነች ዕቃ ሲጫን ቀለሟን የነካ ሁሉ ደመኛው ነው። እሱ ከሚስቱ ጋር ተኳርፎ የመጣ ዕለት መስታወት አይሰጠውም። የተኳረፈ መሆኑ እንዴት እንደሚታወቅ ጋሽ ከታችን ብትጠይቁት የመኪናዋን በር አዘጋጉን ስሙ ይላችኋል። ረጅሙም ትራስ የሚደርሰው በአጋጣሚ ነው ብሎ ለረጅም ጊዜ አምኖ ኖሯል።

ሬዲዮንም ሬዲዮ ያደረገው እሱ ነው፤ ይህን የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ሬዲዮ አዲስ የገባ ሰሞን ዝምተኛ ነበር ቢባል ዛሬ ማን ያምናል? በዚያ ሰሞን አንድ ባለ መስታወት የመኳኳያ ጠረጴዛ ከእጁ አምልጦ ደረጃው ላይ እንክትክት አለ። የጠረጴዛው ባለቤት አገር ይያዝልኝ ሲሉ ጋሽ ከታች ከስር ብቅ ብሎ፣ ጥፋቱ የራሱ መሆኑን፣ ሳይነገረው ቀድሞ መግፋቱን ነገራቸው። አልገፋም ነበር። መስታወቱንም ራሱ አስገጠመላቸው። ከዚያ ሲመለስ ሬዲዮን መኪናው ውስጥ ሲያለቅስ አገኘው፤ እጁ አሁንም ይንቀጠቀጣል። አጠገቡ ተቀመጠና ስለ እናቱ፣ ስለ ሰፈሩ፣ ስለሚደግፈው የእግር ኳስ ቡድን ያስወራው ጀመር። ወሬው ሲሞቅ እጁ ቀጥ ማለቱን አየ። በማግስቱ «አንተ ከላይ ሆነህ መንገዱን ትነግረኛለህ፤ አፍህ እንዳያርፍ» ብሎ አዘዘው። ይኸው ከዚያን ቀን ጀምሮ አላረፈም። ጎረቤት ይሰለቸዋል፣ ሾፌሩ ጆሮው ውስጥ ጥጥ ይከታል፤ ከእጁ ግን አንዲት ብርጭቆ ወድቃ አታውቅም።

እንዲህ ሲኖር ዘንድሮ ቀኝ ጉልበቱ ከዳው። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ጠቅ ያደርገው ነበር፤ ሆድ ይፍጀው ብሎ ዝም አለ። ቆይቶ የራሱን ቤት ደረጃ መደገፊያውን አንቆ፣ ግራ እግሩን አስቀድሞ ቀኙን እየጎተተ ይወጣ ጀመር። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋ ያለው ደረጃውን በሚያሳየው መስኮት ስር ነው፤ ዓይኗም በመርፌ ቀዳዳ የሠለጠነ ስለሆነ የሚያመልጣት ነገር የለም። ለጥቂት ቀናት ዝም ብላ አየችውና አንድ ምሽት፣ ደረጃውን እንደ ሙሽራ እያረፈ የሚወጣው ሚዜ እስኪመጣለት ነው ወይ ብላ ጠየቀችው። ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። በማግስቱ ስፌቷን አጥፋ ሐኪም ዘንድ ወሰደችው።

ሐኪሟ የጉልበቱን ፎቶ ብርሃን ላይ ሰቅላ አየች፣ ቀስ ብላም መጥፎውን ዜና ነገረችው። በአጥንቶቹ መካከል ያለው ልስልስ ነገር ተበልቶ አልቋል። ለመራመድ ይበቃዋል። ለሸክም ግን አይሆንም፤ አንድ ቀን ክብደት እንዳለበት ሳያስጠነቅቀው እጥፍ ይላል። ጋሽ ከታች ምን ዓይነት ጫማ ቢያደርግ እንደሚሻል ጠየቃት። ሐኪሟ ሚስቱን አየቻት፤ ሚስቱ ጣሪያውን አየች።

ቤት ሲገቡ ስፌቷ ላይ ተቀመጠች፤ ግን መኪናውን አላስነሳችም።

«ለልጆቹ መቼ ነው የምትነግራቸው?» አለችው። እነዚያን ባለትዳር ወንዶች «ልጆቹ» ነው የምትላቸው።

ይህ ወር እንዲያልፍ ነው የሚጠብቀው፤ ብዙ ሥራ ተይዟል አላት።

«ስማኝ። አንተ ብትወድቅ እኔ አለሁ። እየተነጫነጭኩም ቢሆን አስታምምሃለሁ። ከላይ ያሉት ግን ዕቃውን እንደያዙ ተከትለውህ ነው የሚወድቁት። እነሱን ማን ሊያነሳልህ ነው?»

ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ይፈታ ጀመር። ሰው ሊከራከር የሚችለው ሲሳሳቱበት ነው።

እንቅልፍ የነሳው ግን የጉልበቱ ሕመም አልነበረም። ማን ከታች ይያዝ? የሚለው ነው። አሰበ፣ አሰበ፣ አንድም ሰው አጣ። ቡድኑ ከተቋቋመ ጀምሮ ከእሱ በቀር ከታች የያዘ የለም። ረጅሙ አንድ ሁለቴ ማንገቻውን ሊያነሳ እጁን ሰድዶ ነበር፤ ጋሽ ከታች ቀድሞ ትከሻው ላይ አጥልቆታል። ይህን ሁሉ ዘመን ደግነት ነው ብሎ ነበር የያዘው። አሁን ሲያየው ግን ሦስት ጎበዛዝት ወንዶች እንዳይከብዳቸው ብሎ ሲሸከምላቸው፣ መሸከምን ነፍጓቸው ኖሯል። እኛ ነን ያልኩት ቡድን፣ አለ በልቡ፣ ለካስ እኔ ብቻ ነኝ። ይህን ማወቅ ከጉልበቱ በላይ አመመው።

አንዲት የአናጢ ሚስት የነበሩ አሮጊት የላኩበት በዚሁ ሰሞን ነው። ባላቸው አርፏል፤ ብቻቸውን ከሚኖሩበት ቤት ወደ ልጃቸው ሕንፃ፣ ሦስተኛ ፎቅ ሊዛወሩ ነው። ሌላው ዕቃቸው ምንም አይደል። ጣጣው አንድ ቁም ሳጥን ነው። ሟቹ የተጋቡ ሰሞን እዚያው መኝታ ቤት ውስጥ ቆሞ የሠራላቸው፣ ጥርስ ከጥርስ እየገጠመ በማጣበቂያ ያሰረው፣ አንዲት ሚስማር እንኳ የሌለበት ነገር ነው። ስለዚህ አይፈታም። ሰውየው ሚስቱን ሲያስብ በሩን አላማከረም ነበርና ከክፍሉም በመቃኑ አይወጣም። ሌሎች ጫኞች መጥተው አይተውታል። አንዱ እንደውም በመጋዝ ለሁለት ቢከፈል እንደሚሻል አስረዳቸው። አሮጊቷ መጀመሪያ እኔን ክፈሉ ብለው አባረሩት።

ጋሽ ከታች ሄዶ አየው። በትከሻው ገፋ አድርጎ አንዱን ማዕዘን ከመሬት አነሳና መልሶ አስቀመጠው። ባለፉት ብዙ ዓመታት ይህን የሚያህል ክብደት አላጋጠመውም። የአዲሱን ሕንፃ ደረጃም አየ፤ ጠባብ ነው፣ በየፎቁ መካከል ይታጠፋል፣ ሊፍቱ ደግሞ አንድ ሰው ከነጃንጥላው ቢገባበት የሚጨናነቅ ነው። አይሆንም ማለት ነበረበት። አይሆንም ሊልም አፉን ከፍቶ ነበር።

«ይቻላል ልጄ?» አሉት አሮጊቷ። እጃቸው ቁም ሳጥኑ በር ላይ ነው፤ የሰው ትከሻ እንደያዘ ሰው።

«ልጆቼ ይችሉታል» አለ።

ወደ ቤቱ ሲመለስ መንገዱን ሙሉ ይህን የተናገረው ማን እንደሆነ ሲገርመው ሄደ። በሕይወቱ «እችለዋለሁ» እንጂ «ይችሉታል» ብሎ አያውቅም። ካለ በኋላ ግን ወደደው። እንዲያውም ቃሉን ደጋግሞ ለራሱ ሲለው ደረቱ ሰፋ።

የሥራው ዕለት ጠዋት መኪናዋ አጠገብ ሰበሰባቸውና ሁሉንም ነገራቸው፤ ጉልበቱን፣ ሐኪሟን፣ እጥፍ የሚለውን ነገር። ሾፌሩ ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ ሳቁም መሃል ላይ ቀዘቀዘበት። ረጅሙ ጎንበስ ብሎ ማንገቻውን አነሳና ትከሻው ላይ አጠለቀው። ማንም የሚጠብቀው ይህንኑ ነበር፤ ከሁሉም ጠንካራው እሱ ነው፣ እንደ በሬ ነው።

ጋሽ ከታች ከትከሻው አወለቀለትና ለሬዲዮ ዘረጋለት።

ሬዲዮ ማንገቻውን እንደ እባብ አየው። ሊቀልድ ሞከረ፣ ቀልዱ አልመጣለትም። «ጋሼ፣ እኔ?» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እጄን ታውቀዋለህ አይደል? እኔ እፈራለሁ።»

«አውቃለሁ። ረጅሙ አይፈራም። የማይፈራ ሰው ደግሞ አቁም ማለት ያለበትን ሰዓት አያውቀውም፤ እስኪወድቅ ይሸከማል። አንተ በጊዜ ትላለህ።» ማንገቻውን እጁ ላይ አስቀመጠለት። «ደግሞ ከታች ያለ ሰው መስማት የሚፈልገውን ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ስትነግረኝ ነው የኖርከው።»

ረጅሙ ተቀይሞ ይሆናል ብሎ ዞር ብሎ አየው። አልተቀየመም። ከላይ ሆኖ መንገዱን የሚናገረው እሱ መሆኑ ሲነገረው ግን፣ ያ ቁም ሳጥን የማያስፈራው ሰው ፊቱ አመድ መሰለ። መናገር አለበት ማለት ነው። ሾፌሩ ከረጅሙ ጋር ከላይ ይስባል። ጋሽ ከታች ደግሞ እስከ ዛሬ ሾፌሩ የሚሠራትን ቀላሏን ሥራ ያዘ፤ ግድግዳውና የዕቃው ማዕዘን እንዳይፋጩ ብርድ ልብስ እያስገባ አብሮ መውጣት።

ከአሮጊቷ ቤት ሲወጣ ብዙ አላስቸገረም። መቃኑን ነቅለው አስወጡትና መልሰው ገጠሙት። ሜዳ ለሜዳ ነው፣ ሜዳ ላይ ሁሉም ጀግና ነው። ጉዱ የፈላው አዲሱ ሕንፃ ደረጃ ላይ ሲደረስ ነው።

«ግራ» አለ ረጅሙ ከላይ።

«አልሰማሁህም!» አለ ሬዲዮ ከስር።

«ግራ ነው ያልኩት።»

«ኧረ ለጸሎት አይደለም የወጣነው፣ ጮክ በል!»

ረጅሙ ጮኸ። ድምፁ እንዲህ ወፍራም መሆኑን ከዚያ በፊት የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ሾፌሩ ደንግጦ ማዕዘኑን ሊለቅ ምንም አልቀረውም። የመጀመሪያውን ፎቅ እንዲህ እየተጨቃጨቁ ወጡት። ጋሽ ከታች ብርድ ልብሱን በየግድግዳው እያስገባ ከሬዲዮ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ተከተላቸው። ትከሻው ባዶ ሆኖ ደረጃ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው፤ ሰውነቱ የት እንደሚቀመጥ ጠፋው። ከመጀመሪያው ፎቅ ወዲያ ቁም ሳጥኑ ለጥቂት ጊዜ ቆም ሲል እጆቹን ፈለጋቸው፤ ኪሱ ውስጥ አገኛቸው። እሳት እንደነካው ሰው ጎትቶ አወጣቸው። በዚያን ሰዓት ራሱ ያን የድሮ አለቃውን ሆኖ ታየው።

ሁለተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ነገሩ ከረረ። ቁም ሳጥኑን ለማዞር ከላይ ያሉት ከፍ ማድረግ ነበረባቸው፤ ከፍ ሲል ክብደቱ እንዳለ ሬዲዮ ላይ ወረደ። ወሬው ተቋረጠ። ትንፋሹ ብቻ ይሰማል። ጋሽ ከታች ከጎን ሆኖ ሲያይ የሬዲዮ እጅ፣ ያ ስንት ዓመት ቀጥ ብሎ የኖረው እጅ፣ ጣውላው ላይ ይንቀጠቀጣል። አላስቻለውም። ብርድ ልብሱን ጣለና መዳፉን ከቁም ሳጥኑ ስር ሰደደ። ገፋ አደረገው። ክብደቱ መዳፉ ላይ ሲያርፍ ሰውነቱ ሁሉ እፎይ አለ።

«አቁም!» አለ ሬዲዮ።

ሁሉም ባለበት ደረቀ።

«ጋሼ፣ እጅህን አንሳልኝ።»

«ልደግፍህ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ። ግን አንዴ ይቀለኛል፣ አንዴ ይከብደኛል። እግሬን የት እንደማደርግ አልገባኝም። ሙሉውን ተውልኝ።»

ጋሽ ከታች መዳፉን አላንቀሳቀሰውም። ዕድሜውን ሙሉ በደረጃ ካወጣው ዕቃ ሁሉ ይልቅ ያንን መዳፍ ማውጣት ከበደው። ቢያወጣውና ሰውየው ቢወድቅ? ባያወጣውስ? ሬዲዮ ትክክል ነው፤ ሊያውቀውም ይገባ ነበር። እሱ ራሱ ከታች ሳለ አንድ ሰው ከኋላ መጥቶ ሳይጠየቅ ገፋ ገፋ ቢያደርግለት በሁለተኛው ደረጃ ላይ ያባርረው ነበር። ከበደኝ ያለውን ሰው አይከብድህም ማለት አንድ ጭካኔ ነው፤ እችለዋለሁ ያለውን ሰው አትችለውም ማለትም ሌላ ጭካኔ ነው። መዳፉን ሳበ። ቁም ሳጥኑ ሩብ ጣት ያህል ዝቅ አለና ሬዲዮ ትከሻ ላይ ተቀመጠ።

የሬዲዮ እጅ ግን አሁንም ይንቀጠቀጥ ነበር። ያን ጊዜ ጋሽ ከታች ሊሰጠው የሚችለው ነገር ትዝ አለው።

«አውራኝ» አለው።

«ምን ላውራ?»

«ያሰኘህን። ስለዚህ ቁም ሳጥን አውራኝ።»

ሬዲዮ ጥርሱን ነክሶ ጀመረ። ይህ ሰውዬ፣ አለ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሚስቱን ቢወድ ቢወድ ጫካውን ሁሉ ቤቱ ማስገባቱ ምን ይባላል? ቀለበት የሚባል ነገር አልነበረም? ሻሽ አይገዛም ነበር? እኔ ሚስቴን እወዳታለሁ፤ ግን በዚህ ልክ የሚወዳት ሰው ካለ መጥቶ ይውሰዳት፣ ከነዕቃዋ ግን እኔ አላጓጉዝም። ከላይ፣ ከሦስተኛው ፎቅ መደገፊያ ላይ ተደግፈው ሲያዩ የነበሩት አሮጊት ሳቃቸው መጣ፤ እየሳቁም ዓይናቸውን በነጠላ ጥለታቸው ጠረጉ። ሬዲዮ አያያቸውም፤ ጣውላ ብቻ ነው የሚያየው፤ ወሬውን ቀጠለ። እጁ ቀጥ አለ። «ቀኝ!» አለ ረጅሙ፤ ቀኝ ሄዱ። «ማረፊያ!» አለ፤ አረፉ። መታጠፊያውን እንደ ምንም አለፉት። የቀረውን ሽቅብ፣ ሬዲዮ ስለ ሟቹ ፍቅር እያማ፣ ረጅሙ እንደ ነጎድጓድ እየጮኸ፣ ሾፌሩ በሁለቱ መካከል ጥጡን ረስቶ መምጣቱን እየረገመ፣ ወጡት። ጋሽ ከታች ብርድ ልብሱን አንስቶ ግድግዳውን እየጠበቀ ተከተላቸው። አንድም ማዕዘን ግድግዳ አልነካም።

ቁም ሳጥኑ በአዲሱ ክፍል ቦታውን ያዘ። አሮጊቷ በሩን ከፈቱት፣ ዘጉት፣ ደግመው ከፈቱት፤ ሲጢጥ አላለም። ሾፌሩና ረጅሙ ውሃ ተሰጥቷቸው እየጠጡ፣ የትኛው የበለጠ እንደጮኸ ይሟገቱ ጀመር። ረጅሙ ሲሟገት ማየት ራሱን የቻለ ትርኢት ነው። ጋሽ ከታች በዚህ መሃል ሹልክ ብሎ ወጣና ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ደስ ብሎታል፤ ይህን መደበቅ አልፈለገም። ጉልበቱ ግን ሥራ ፈትታ እንኳ ትጮኻለች።

ሬዲዮ ወጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ማንገቻው ትከሻው ላይ የተወው ምልክት ቀይ ነው። ማንገቻውን ጭኑ ላይ አጥፎ አስቀመጠው።

«ጋሼ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነበር የሚከብደው?»

«ይሄኛው ይብሳል። ሌላውም ግን ቀላል አልነበረም።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ዘመን ለምን አንድ ቀን እንኳ አልነገርከንም?»

ገና ልጆች ስለነበራችሁ፣ ሊል ነበር። ሥራ ስለበዛ፣ ሊልም ይችል ነበር። ሁለቱም አፉ ላይ መጡና ተመለሱ።

«ብነግራችሁ ሸክሙን ትቀበሉኝ ነበራ» አለ።

እስኪናገረው ድረስ እሱ ራሱ አያውቀውም ነበር። ሬዲዮ ፊቱን አየው። ከክፍሉ ውስጥ ሾፌሩ መኪናዋ ላይ የቀሩት ወንበሮች እግር አውጥተው እንደማይመጡ ሲጮህ ተሰማ። ሬዲዮ ተነሳ፣ ሱሪውን አራገፈ፣ እጁን ዘረጋለት።

ጋሽ ከታች ሰዎቹ ፊት በሰው እጅ ተነስቶ አያውቅም። ብዙ ጊዜ ጉልበቱን በመዳፉ ተጭኖ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው ነበር የሚነሳው። የተዘረጋለትን እጅ አየው፤ ሰፊ ነው፣ ጣውላው ልጦታል፣ ይጠብቃል። ያዘው። ከዚያም ከክብደቱ አንዲት ሳያስቀር ሁሉንም ጣለበትና ተነሳ።